ወደ እኔ ያየህበት ቀን

ማክሰኞ ጠዋት ነው፤ ጋሪዎቹ ከገበያው በኩል አቧራቸውን እያስነሱ በሚወርዱበት ሰዓት። ወይዘሮ በላይነሽ ፎቶ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆመው ነጠላቸውን አራገፉ፣ ገቡ፣ ለደንበኛ የተቀመጠውን ወንበር በመሐረብ ጠረጉ፣ ከዚያም የጠረጉት ወንበር ላይ ሳይቀመጡ ቆመው ቀሩ። እንዲህ ያሉ ሴት ናቸው። ትርፍ ቤቶቻቸው ከተወረሱ ስምንት ዓመት አልፏል፤ ኩራታቸውን የሚወርስ ቀበሌ ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም።

"አንቺ ልጅ፣ ባለቤቱ የለም?"

"ጋሽ ገመዳ ጨለማ ክፍል ናቸው፣ እትዬ። ለእኔ ይንገሩኝ፤ አብረን ነው የምንሠራው።"

ጉዲቱ መደርደሪያውን በሁለት እጇ ይዛ ቆማ ነበር። ሴትዮዋን ታውቃቸዋለች። ከባቡር ጣቢያው ወረድ ብሎ ያለውን የባለ ሰማያዊ በር ቤት እመቤት ናዝሬት ውስጥ የማያውቅ ሰው የለም። እሳቸው ግን እሷን አያውቋትም። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ልጃቸውን የወደደችላቸው ልጅ ፊታቸው ቆማ፣ እሳቸው የሚያዩት ጣቶቿ በፎቶ ማጠቢያ መድኃኒት የጠቆሩ፣ ሽርጥ የታጠቀች የፎቶ ቤት ሠራተኛ ብቻ ነበር።

ወይዘሮ በላይነሽ ከቦርሳቸው ፖስታ አወጡ።

"እነዚህን ሁለቱን አንድ ላይ አድርጋችሁ ታወጡልኛላችሁ። ጎን ለጎን፣ እንደ ሙሽራ። ልጅቷ መሰለች ትባላለች፤ ለትምህርት ቡልጋሪያ ነው ያለችው። ቀለበቱ ግን የፊታችን እሑድ ሳምንት ነው፤ እሷ ባትኖርም አባቷ ይቀበልላታል። ጠረጴዛው ላይ የሚቀመጥ ፎቶ ያስፈልጋል፤ ባዶ ጠረጴዛ ላይ ቀለበት አይደረግም።"

ይህ ለፎቶ ቤቱ አዲስ ነገር አልነበረም። በዚያ ዘመን ተለያይቶ የሚኖር ሰው ብዙ ነው። አንዱ ምጽዋ ዘምቷል፣ አንዱ ባሕር ማዶ ለትምህርት ሄዷል፣ ቤተ ዘመድ ግን ግድግዳው ላይ አብረው ሊያያቸው ይፈልጋል። ሁለቱን ምስል ቆርጦ መግጠም፣ ስፌቱን በእርሳስ ማጥፋት፣ ከዚያም እንደገና ፎቶ ማንሳት ነው። በዚህ ሥራ ከሞጆ እስከ አሰላ ጉዲቱን የሚያህል እጅ አልነበረም። ስንቱን ባልና ሚስት ሳይገናኙ አጋብታለች።

የመጀመሪያውን ፎቶ አየች። መሰለች የምትባለው ልጅ ቆንጆ ናት፤ ፀጉሯን አጭር ተቆርጣ፣ ባዕድ ፊደል ከተጻፈበት ትልቅ በር ፊት ቆማ ወደ ጎን ትመለከታለች። ጉዲቱ "ታድላ" ብላ አሰበች፣ ያለ ምንም ክፋት። ከዚያ ሁለተኛውን ፎቶ አነሣች።

ኃይለየሱስ ነበር።

የእሷ ኃይለየሱስ፣ የሁሩታው መምህር፣ ኮት ለብሶ፣ ፊቱን ዘወር አድርጎ፣ ሊመጣ ሲል የተያዘ ፈገግታ ከንፈሩ ላይ ይዞ። ይህን ፎቶ ያተመችው እሷ ናት። ሁለተኛ ቅጂ አላወጣችም፤ ከኋላው በእርሳስ "ወደ እኔ ያየህበት ቀን" ብላ ጽፋ በገዛ እጇ ነው የሰጠችው። እጇ ሳያማክራት ፎቶውን ገለበጠው። ከኋላው ምንም አልነበረም። ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘንበል ስታደርገው ብቻ፣ እርሳሱ ተጭኖ ያለፈበት ስስ ጎድጓዳ መስመር ታየ። አንድ ሰው ጽሑፉን በላጲስ አጥፍቶታል።

"ምነው፣ አይሆንም እንዴ?" አሉ ወይዘሮ በላይነሽ።

"ይሆናል፣ እትዬ።"

"እንግዲህ አደራ። ልጄ እሷን እንዲያያት አድርጊልኝ። እዚህ ላይ ወደ ሌላ ቦታ ነው የሚያየው። የሷ ሰዎች ትልልቅ ሰዎች ናቸው፤ ፊቱን አዞረባት እንዳይሉን።"

ቅዳሜ ለመውሰድ ተስማምተው ወጡ። ጉዲቱ ወይዘሮዋ ጠርገው ባልተቀመጡበት ወንበር ላይ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። እሳቸው ናቸው ያጠፉት፣ አለች በልቧ፤ ከልጃቸው መሳቢያ ሰርቀው ነው ያመጡት፤ እሱ ምንም አያውቅም። የሚወድ ሰው ምክንያት አያጣም፤ እሷም እስከ ምሳ ሰዓት አሥር ምክንያት አገኘች፤ አሥሩንም አመነቻቸው።

* * *

ኃይለየሱስ መጀመሪያ የመጣው ለስምንተኛ ክፍል ፈተና የተማሪዎቹን ጉርድ ፎቶ ሊወስድ ነበር። አርባ ሁለት ፊት መደርደሪያው ላይ ዘርግታ አንድ በአንድ ስታስረክበው፣ እሱ የእያንዳንዱን ልጅ ስም እየጠራ ስለ እያንዳንዱ አንድ ነገር ነገራት። ይህ ሂሳብ ይወዳል፤ ይህች ዘፋኝ ናት፤ ይህ ምሳውን የሚበላው መንገድ ላይ ነው። ጉዲቱ የደራ ገበሬ ልጅ ናት፤ አስተማሪዎቿ፣ እንኳን ጠባይዋን፣ ስሟንም በወጉ ይዘውት አያውቁም። አርባ ሁለተኛው ፎቶ ላይ ሲደርስ ወድዳው ነበር።

ከዚያ በኋላ በየቅዳሜው ከሁሩታ በአውቶቡስ ይመጣል። እናቱ ሳያውቁ፣ ከተማው ሳያወራ መገናኘት ቀላል አልነበረምና አንድ ዘዴ ፈጠሩ። ፎቶ ቤቱ ውስጥ፣ ከመደርደሪያው ሥር፣ ተነሥተው ሳይወስዱ የቀሩ ሰዎች ፎቶ የሚቀመጥበት መሳቢያ አለ። እዚያ ውስጥ "አቶ ገርባ" የሚባል በዓለም ላይ የሌለ ሰው ፖስታ አስቀመጡ። እሱ ሲመጣ "የአቶ ገርባ ፎቶ ደርሷል?" ብሎ ይጠይቃል፤ እሷ ፖስታውን ትሰጠዋለች፤ ውስጡ የእሷ ደብዳቤ ነው። ሲመልሰው የእሱ ደብዳቤ ውስጡ ነው። አቶ ገርባ በሁለት ዓመት ውስጥ መቶ ያህል ደብዳቤ ደርሶታል፤ ያን ያህል የተወደደ ሰው ናዝሬት ውስጥ አልነበረም።

ያንን ፎቶ የተነሣው አምና በጥር ነው። ጋሽ ገመዳ ካሜራው ጀርባ፣ ጉዲቱ ከጎን ብርሃን የሚመልሰውን ነጭ ሸራ ይዛ ቆማለች። "ወደዚህ፣ መምህር! ወደ ካሜራው መነጽር!" ይላሉ ጋሽ ገመዳ። ኃይለየሱስ ወደ መነጽሩ ያይና ዓይኑ ተመልሶ ሸራው ወዳለበት ይሄዳል። በስተመጨረሻ ሽማግሌው ሰልችቷቸው የካሜራውን ቁልፍ ተጫኑት። ፎቶው ላይ የሚታየው ዓይን የሚያየው ግድግዳ ወይም መብራት አልነበረም። እሷን ነበር። ማንም ባያውቅ እሷ ታውቃለች።

* * *

ጋሽ ገመዳ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ሁለቱን ፎቶዎች አጠገብ ለአጠገብ አስቀመጡ። ሠላሳ ዓመት ፎቶ ያነሡ ሰው ናቸው፤ ብዙ አያወሩም፣ ብዙ ያያሉ።

"ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የሚያዩት" አሉ። "ልጅቷን መገልበጥ አንችልም፤ ከኋላዋ በሩ ላይ ጽሑፍ አለ፤ የተገለበጠ ፊደል ደግሞ ማንም ያውቀዋል። የሚገለበጠው ልጁ ነው።"

ጉዲቱ የኃይለየሱስን ፎቶ ወደ ራሷ ሳበች።

"ኢንተላ ኮ" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ ልጄ ሲሏት በኦሮምኛ ነው። "እኔ ዕድሜ ልኬን ሰው ወዴት እንደሚያይ ሳይ የኖርኩ ሰው ነኝ። አምና ያንን ሸራ ማን ይዞት እንደነበር አልረሳሁም። ተይው፤ እኔ እሠራዋለሁ።"

ያኔ ነው እንባዋ የመጣው። ግን ራሷን ነቀነቀች።

"እኔ እሠራዋለሁ፣ ጋሼ። ወደ እኔ ያየውን ዓይን ሌላ ሰው እንዲያዞረው አልፈልግም። እሱ እንደሆነ አያውቅም። እናቱ ናቸው። ቅዳሜ ሲመጣ እነግረዋለሁ።"

ጋሽ ገመዳ "ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ" ሊሉ አፋቸውን ከፍተው መልሰው ዘጉት። ሽማግሌ ሁሉ ያወቀውን ተረት ባይናገር ስንት ሰው በሰላም ይኖር ነበር።

ከምሳ በኋላ ጨለማ ክፍል ገብታ በሩን ዘጋች፤ ቀዩን መብራት አበራች። ኔጋቲቩን ከሳጥኑ አወጣችው። የፊልም አንዱ ገጽ ያብረቀርቃል፣ ሌላው ደብዘዝ ያለ ነው፤ ደብዛዛው ወደ ታች ሆኖ ማተሚያው ውስጥ ሲገባ ሰው እንደ አፈጣጠሩ ይወጣል። ደብዛዛው ወደ ላይ ከሆነ ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ይሆናል። ሥራ በጀመረች በሦስተኛው ሳምንት ይህንኑ ተሳስታ የአንድ የሁሩታ ገበሬ ፎቶ ገልብጣ አትማ ነበር። ገበሬው አይቶት ደስ ብሎት፣ መርቋት ሄደ። በማግስቱ ሚስቱ ከአውቶቡስ ወርዳ በቀጥታ መጣች። "ይሄ የእኔ ሰው አይደለም" አለች። ምኑ እንደተለወጠ መናገር አልቻለችም፤ ብቻ አይደለም አለች፤ ካልቀየራችሁልኝ አልሄድም ብላ ደጁ ላይ ተቀመጠች። ያን ቀን ጋሽ ገመዳ የነገሯትን አልረሳችውም። ሰው የራሱን ፊት የሚያውቀው በመስታወት ነው፤ መስታወት ደግሞ ገልብጦ ነው የሚያሳየው። ስለዚህ ፎቶው ሲገለበጥ ባለቤቱ አይገባውም፤ እንዲያውም ደስ ይለዋል። የሚደነግጠው ፊት ለፊት ሲያየው የኖረ ሰው ነው።

ፊልሙን ገለበጠችው። ወረቀቱ ላይ ብርሃን ለቀቀችበት፣ ማጠቢያው ውስጥ ነከረችው፣ በጣቷ ጫፍ ውሃውን አወዛወዘች። መጀመሪያ ኮቱ መጣ፣ ከዚያ ፀጉሩ፣ ከዚያ ዓይኑ። ዓይኑ ዞሯል። ያ እሷን ያየ ዓይን፣ ያ ፈገግታ፣ እንዳለ ተነሥቶ ወደ ሌላ ሴት ሄዷል። ጉዲቱ ሥራው የእሷ መሆኑን ረስታ፣ ባሏን ከሰው ጋር እንዳገኘች ሴት ደረቷን ያዘች።

ከዚያ ጠባሳውን አየችው። ኃይለየሱስ በግራ ቅንድቡ ላይ ቀጭን ጠባሳ አለው። እዚህ ግን በቀኙ ሆኖ ወጥቷል። የኮቱን ኪስ በእርሳስና በቀለም አጥፍታ ወደ ቦታው መለሰችው፤ ቁልፎቹንም አስተካከለች። ጠባሳውንም እንዲሁ ማዛወር የሩብ ሰዓት ሥራ ነበር። እርሳሷን አንሥታ ቅንድቡ ላይ ካደረሰች በኋላ እጇ ቆመ። አንድ ነገር ለራሷ ማለች። ይህን ጠባሳ አልነካውም፤ ፎቶውን ሊወስዱ ከሚመጡት ሰዎች አንዱ እንኳ ቢያውቀው፣ ይህ እሱ አይደለም የሚል ሰው ቢገኝ፣ እኔ ብቻ አይደለሁም የማውቀው ማለት ነው። ያን ጊዜ እሱን እተወዋለሁ። እርሳሱን አስቀመጠች።

ሐሙስ ዕለት ለአቶ ገርባ ደብዳቤ ጻፈች። አራት መስመር ብቻ ነበር። "እናትህ መጥተው ነበር። ፎቶህን ይዘው። አንተ እንዳልሰጠሃቸው አውቃለሁ፤ ግን ከአፍህ ልስማው። ከአፍህ ከሰማሁ ዓለም ሁሉ ሌላ ቢል ግድ የለኝም።" አጥፋ ፖስታው ውስጥ ከተተችው፤ መሳቢያውን ዘጋች።

* * *

ቅዳሜ በአራት ሰዓት በሩ ሲከፈት ቀና አለች። ኃይለየሱስ ነበር። ልቧ ከመቀመጫዋ ቀድሞ ተነሣ። ከዚያ ከኋላው ወይዘሮ በላይነሽ ሲገቡ አየች።

ዓይኖቹ እሷ ላይ አረፉ። አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ ወለሉን አይቶ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣

"ጤና ይስጥልኝ፣ እህቴ" አለ። "የታዘዘ ፎቶ ነበረን።"

እንደ ማንም ሰው፣ እንደ ሱቅ ሻጭ፣ እንደ መንገደኛ። መቶ ደብዳቤ የጻፈላት ሰው "እህቴ" አላት። የአቶ ገርባን ስም ሊጠራ ነው ብላ ጠበቀች፤ አልጠራም።

ጋሽ ገመዳ ሁሉንም በአንድ ዓይን አዩና፣ "እትዬ በላይነሽ፣ ይምጡ እስቲ ፍሬም ይምረጡ፤ ጓዳ ያለው የዋንዛ ፍሬም ለቀለበት ይሆናል" ብለው ወይዘሮዋን ይዘው ገቡ። ሽማግሌው ሊረዷት ነበር ያሰቡት።

"እህቴ አልከኝ" አለች ጉዲቱ።

"ጉዲ፣ እናቴ አጠገቤ ነበረች፤ ምን ላድርግ?"

"እሺ። እህትህ ከሆንኩ ለእህትህ መልስ። ከኋላው የነበረውን ጽሑፍ ማን አጠፋው?"

ኃይለየሱስ የጠመኔ አቧራ የማይለቀው ጣቱን በሌላው ጣቱ ይፈትግ ጀመር።

"እናቴ ናት በለኝ" አለችው፤ ለመነችው። "ዋሽተህም ቢሆን በለኝ፣ ኃይሌ። አምንሃለሁ።"

"እኔ ነኝ" አለ።

ከውጭ የጋሪ ደወል ተሰማ። 

"ስምሽ እንዳይነሣ ብዬ ነው። እናቴ ብታየው—"

"በምን አጠፋኸው?"

"እ?"

"በምን? በተማሪዎች ላጲስ?"

"በላጲስ... ምን ለውጥ አለው?"

"ቀስ ብለህ ነው የጠረግኸው። ወረቀቱ አልተላጠም፤ አልቆሸሸም። ሰው ሲናደድ ይቦጭቃል፣ ሲያፍር ይቀድዳል። አንተ ግን ተጠንቅቀህ፣ ፍርፋሪውን እፍ ብለህ፣ በትዕግሥት ነው ያጠፋኸኝ።"

"እንዲህ አትበይ። አባቷ የትምህርት ዕድል ያገኝልኛል፣ ጉዲ። ትምህርቱ አምስት ዓመት ነው። ሁሩታ ላይ ሳረጅ ማየት ትፈልጊያለሽ? ለእናቴ ያለኋት አንድ ልጅ እኔ ነኝ፣ ታለቅሳለች፤ ቤቱ ውስጥ ሌላ ወሬ የለም። ተምሬ ስመለስ..."

"ስትመለስ ምን?"

"እግዚአብሔር ያውቃል።"

"እግዚአብሔር ያውቃል!" ሳቀች፤ ሳቁ ግን መሀሉ ላይ ተሰነጠቀ። "ሌላ ፎቶ አልነበረህም? ጉርድ አለህ፤ ከተማሪዎችህ ጋር የተነሣኸው አለ፤ ከአክስትህ ጋር የተነሣኸው አለ። ሁሉንም እኔ ነኝ ያተምኩት። ለምን ይቺን ሰጠሃቸው? ከፎቶ ሁሉ ለምን ይቺን?"

ኃይለየሱስ ቀና አለ፤ ዓይኑ ቀልቷል።

"እናቴ ሁሉንም ዘርግታ አየች። ‹ደስተኛ የምትመስለው እዚህች ላይ ብቻ ነው› አለችኝ።" ድምፁ ዝቅ አለ። "ደስተኛ ነበርኩ፣ ጉዲ።"

"አውቃለሁ" አለች። "እዚያ ነበርኩ።"

አንድ ሜትር የማይሞላ መደርደሪያ መሀላቸው ነበር፤ እሱ ግን ከቡልጋሪያ ርቆ ታያት።

* * *

ወይዘሮ በላይነሽ የመረጡትን ፍሬም በብብታቸው ይዘው ተመለሱ። ጉዲቱ ፖስታውን ከፍታ አዲሱን ፎቶ ከድሮዎቹ ጋር መደርደሪያው ላይ አኖረችው። ሥራው ያማረ ነበር፤ ይህን ጠላትም አይክደውም። ሁለቱ ወጣቶች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ ስፌት የለም፤ እሱ በዚያ ፈገግታው ያያታል፣ እሷ ወደ እሱ ታያለች። አንድም ቀን ሳይለያዩ የኖሩ ይመስላሉ።

"ዋይ፣ እንዴት ያምራሉ!" አሉ ወይዘሮዋ። ከዚያ ፎቶውን አነሡት። ወደ በሩ ብርሃን ወሰዱት። መለሱት። ፈገግታቸው ቀስ እያለ ከፊታቸው ሄደ።

"ምነው ልጄ ልጄን አልመስል አለኝ?"

ጉዲቱ ለራሷ የማለችው ትዝ አላት።

"እኔው ነኝ፣ እማዬ" አለ ኃይለየሱስ ጎንበስ ብሎ እያየ። "እንዲያውም ከሌሎቹ ሁሉ ቁርጥ እኔን ነው የሚመስለው። ጠዋት ስላጭ መስታወት ውስጥ ያየሁት ሰውዬ ነው።"

"መስታወትህን አላውቀውም። እኔ የማውቀው አንተን ነው" አሉ እናቱ። ሌባ ጣታቸውን የፎቶው ቅንድብ ላይ አኖሩ፤ ከዚያ የልጃቸውን ፊት ቀና ብለው አዩ፣ እንደገና ፎቶውን። ዞረው ጉዲቱን ለመጀመሪያ ጊዜ በትክክል ተመለከቷት።

"አንቺ ነሽ የሠራሽው?"

"አዎ፣ እትዬ።"

"ጠባሳውን አዛውረሽዋል።"

"ከነፊቱ ነው የዞረው። ወደ እሷ እንዲያይ ስለፈለጉ።"

"በየትኛው በኩል እንደነበር ታውቂ ነበር?"

ኃይለየሱስ እንዳትናገር በዓይኑ ለመናት። ከድሮው ፎቶ ያወቀች መስላ፣ "ፎቶው ላይ አይቼ" ብትል ይበቃ ነበር። ግን ጉዲቱ በዚያን ቀን ለማንም የምታጠፋው ነገር አልቀራትም።

"በግራ ቅንድቡ ላይ ነው" አለች። "ሶደሬ፣ ፍል ውሃው አጠገብ ድንጋዩ አንሸራቶት የወደቀ ጊዜ። ሰባት ዓመቱ ነበር። ደሙን ያበሱለት በነጠላዎ ጫፍ ነው፤ ነጠላው ከታጠበም በኋላ አልለቀቀም።"

ጋሽ ገመዳ ከጓዳው በር ላይ ቆመው ቀሩ።

"ስድስት" አሉ ወይዘሮ በላይነሽ ዝቅ ባለ ድምፅ። "ሰባት አልሞላውም ነበር። ስድስት ዓመቱ ነው።"

ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። አንዲቷ ያንን ቁስል በነጠላዋ ጠርጋዋለች፤ ሌላዋ ጠባሳውን በጣቷ ዳብሳዋለች። በዚያች ደቂቃ ናዝሬት ውስጥ ከእነሱ የበለጠ የሚተዋወቅ ሰው አልነበረም።

"ፊቱን መመለስ ይቻላል?" አሉ ወይዘሮዋ።

"ይቻላል፣ እትዬ። ግን እንደ ነበረው ከተመለሰ፣ ፊቱን ያዞርባታል።"

ወይዘሮ በላይነሽ ወደ ልጃቸው ዞሩ። ፊታቸው ላይ ጉዲቱ ያልጠበቀችው ነገር ነበር፤ ትዕቢት አልነበረም፣ ፍርሃት ይመስል ነበር። "ኃይልዬ" አሉ፤ "ምን ትላለህ? ልጄ፣ ከአሁኑ ተናገር። ይመለስ?"

ይህ በር ነበር። እናትየው ራሳቸው ነበሩ የከፈቱት፤ አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። ጉዲቱ አላየችውም። ፎቶው ላይ የዞረውን ዓይን እያየች ጠበቀች። እስከ ሦስት መቁጠር የሚቻልበት ጊዜ ነበር፤ እሷ ሁለት ዓመት ጠበቀች።

"እንዲሁ ይሁን፣ እማዬ" አለ ኃይለየሱስ። "የሷ ሰዎች እኮ ጠባሳው በየት በኩል እንደነበር አያውቁም።"

ወይዘሮ በላይነሽ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ገለጡ። ፎቶውን ፍሬሙ ውስጥ አስገብተው በጋዜጣ ጠቀለሉት፤ ረጅም ጊዜ ወሰደባቸው። ልጃቸው ቀድሞ ወጣ። እሳቸው በሩ ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ።

"ስምሽ ማነው?"

"ጉዲቱ።"

"ጉዲቱ" አሉ፤ ደግመው በልባቸው ያሉት ይመስል ከንፈራቸው አንድ ጊዜ ተንቀሳቀሰ። ሌላ አልተናገሩም። ወጡ።

* * *

የኃይለየሱስ የድሮ ፎቶ መደርደሪያው ላይ ቀርቷል። ረስተውት ይሁን፣ ሆን ብለው ይሁን፣ ማን ያውቃል። ጉዲቱ አነሣችው። ከኋላው ያለውን ጎድጓዳ መስመር በጣቷ ዳሰሰችው፤ ላጲስ እርሳሱን ወስዷል፣ የተጫነውን እጅ ግን አልወሰደም። መሳቢያውን ከፈተች። የአቶ ገርባን ፖስታ አወጣች፤ ባለ አራት መስመሩ ደብዳቤ ማንም ሳይከፍተው ውስጡ አለ። ፎቶውን ከደብዳቤው ጋር አስገባች፣ ከሌሎቹ ሥር፣ ባለቤት ከማይመጣላቸው ፊቶች መሀል አኖረችው። አሁን እንባዋ ያለ ከልካይ ወረደ። እሷም አልከለከለችውም።

"ጉዲቱ" አሉ ጋሽ ገመዳ ከውስጥ፤ ድምፃቸው የለመደችው ድምፅ አልነበረም። "ደንበኛ አለ። ካልቻልሽ ልመልሰው።"

"መጣሁ፣ ጋሼ።"

ፊቷን በሽርጧ ጠረገች። ወንበሩ ላይ ከወንጂ የመጣ አንድ ወጣት ሠራተኛ፣ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ፣ እጆቹን የት እንደሚያደርግ ጠፍቶት ተቀምጧል። ጉዲቱ ነጩን ሸራ አንሥታ የለመደችው ቦታ ላይ ቆመች። ወጣቱ እንደ ማንኛውም የፈራ ሰው የሰው ፊት ፈለገ፤ ዓይኑ ከመነጽሩ ተነሥቶ እሷ ላይ አረፈ፤ ሊመጣ ያለ ፈገግታ ከንፈሩ ላይ ታየ።

"ወደ እኔ አይደለም" አለችው። "ወደ እኔ አትይ፣ ወንድሜ። ወደ መነጽሩ።"